ኦክስጅንና የዓሣ ሕዋስ፦ የተከላካይ ቪታሚኖች ሰንሰለት

ዓሣ በስንጥቡ ከውኃ የሚያጣራው ኦክስጅን የመጨረሻ መድረሻው በሕዋሱ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባለው ክፍል ነው። እዚያ እያንዳንዱ የኦክስጅን ሞለኪውል አራት ኤሌክትሮኖችን ተቀብሎ ወደ ውኃ ይለወጣል። ዓሣው የሚዋኝበትና የሚያድግበት፣ እንቁላልም የሚያፈራበት ኃይል የሚገኘው ከዚህ ሂደት ነው። ጉዳት የሚመጣው ከኤሌክትሮን ማስተላለፊያው ሰንሰለት አንዱ ኤሌክትሮን አፈትልኮ ብቻውን ኦክስጅን ላይ ሲያርፍ ነው። ያን ጊዜ ሱፐርኦክሳይድ ይፈጠራል። ሱፐርኦክሳይድ ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለወጣል፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ደግሞ ነፃ ብረት ካገኘ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባለውን ያስገኛል። ይህ ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነው። ዕድሜው ከቅጽበት ያነሰ ቢሆንም በአጠገቡ ያገኘውን ፕሮቲን፣ ቅባት ወይም ዲኤንኤ ሳይመርጥ ያጠቃል። ብረትና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲገናኙ የሚፈጥሩትን ኃይለኛ ምላሽ እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ ፌንተን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1894 ነበር። ምላሹም እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል።

ይህ ሁሉ በሕያው አካል ውስጥ በእርግጥ እንደሚካሄድ ማስረጃው የመጣው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጆ ማኮርድና ኧርዊን ፍሪዶቪች ሱፐርኦክሳይድን ብቻ ለይቶ የሚያጠፋ ኢንዛይም አገኙ። ስሙም ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ ተባለ። የግኝቱ ትርጉም ከኢንዛይሙ ራሱ ይሰፋል፤ ሕዋስ እንዲህ ያለ መከላከያ ዘወትር የሚያዘጋጅ ከሆነ አደጋውም ዘወትር አብሮት አለ ማለት ነውና። ጀርመናዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ሄልሙት ዚስ እ.ኤ.አ. በ1985 ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚለውን ስያሜ በመጽሐፉ ካስተዋወቀ ወዲህ፣ ጎጂዎቹ የኦክስጅን ውጤቶች ከተከላካዮቹ አቅም በላይ የሚሆኑበት ሁኔታ በዚህ ስም ይታወቃል። በዚህ ምዕራፍ ኦክሲዳዊ ጫና ተብሎ ይጠራል።

የዓሣ ሕዋስ ለዚህ ጫና ከብዙዎቹ የየብስ እንስሳት ሕዋሳት ይልቅ የተጋለጠ ነው። ዋናው ምክንያት ያለው በገለፈቱ ላይ ነው። ዓሣ የሰውነቱን ሙቀት በራሱ አያስተካክልም፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ እርሱም ይቀዘቅዛል። በቅዝቃዜ የሚረጋ ቅባት ደግሞ ለሕዋስ ገለፈት አይሆንም፤ ገለፈቱ ካልላላ በላዩ ያሉት ፕሮቲኖች መሥራት አይችሉም። ስለዚህ የዓሣ ገለፈት ብዙ ድርብ ትስስር ባላቸውና በቅዝቃዜም በማይረጉ የቅባት አሲዶች የተሞላ ነው። ከእነርሱ ዋነኛው በአጭር ስሙ ዲኤችኤ የሚባለው ሲሆን 22 የካርቦን አቶሞችና ስድስት ድርብ ትስስሮች አሉት። በሁለት ድርብ ትስስሮች መካከል ያለ ካርቦን ሃይድሮጅኑን የሚይዘው በላላ እጅ ነው፤ ራዲካል የሚነጥቀውም ያንን ነው። በኑግና በሱፍ ዘይት በብዛት የሚገኘው ሊኖሌይክ አሲድ እንዲህ ያለ ደካማ ቦታ ያለው አንድ ብቻ ነው። ዲኤችኤ አምስት አለው።

ሃይድሮጅኑ አንዴ ከተነጠቀ በኋላ የሚከተለው ነገር በራሱ ይቀጥላል። የተነጠቀው ቅባት ራሱ ራዲካል ይሆናል፤ ኦክስጅን ሲጨመርበት ፐርኦክሲል ራዲካል ይባላል። ያም ከጎረቤቱ ቅባት ሃይድሮጅን ይነጥቃል፤ ጎረቤቱም ከሚቀጥለው። አንድ የመነሻ ጥቃት ብዙ ሞለኪውሎችን የሚያበላሸው በዚህ መንገድ ነው። ክፉኛ የተጠቃ ገለፈት ቀዳዳ ያበጃል፤ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፣ ኢንዛይሞች ከየክፍላቸው ይፈሳሉ፣ ሕዋሱም ይሞታል። የቆየ የዓሣ ዘይት ለአፍንጫ የሚከብድ ክርፋት የሚያመጣው ይኸው ምላሽ ነው፤ በጠርሙስ ውስጥ በሳምንታት የሚደርሰው በሕያው ሕዋስ ውስጥ ተከላካይ ካጣ በጣም በአጭር ጊዜ ይደርሳል። ከተሰባበረው ቅባት ከሚገኙት ቅሪቶች አንዱ ማሎንዲአልዴሃይድ ነው። ቤተ ሙከራዎች የጉዳቱን መጠን የሚገምቱት ብዙውን ጊዜ በእርሱ ሲሆን፣ ቲዮባርቢቱሪክ አሲድ ሲጨመርበት የሚሰጠው ሮዝ ቀለም በ532 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ይለካል። ዘዴው ቀላልና ርካሽ በመሆኑ በሰፊው ይሠራበታል። ይሁንና አሲዱ ከሌሎች ውሕዶችም ጋር ቀለም ስለሚሰጥ፣ በዚህ ቁጥር ብቻ የተደገፈ ድምዳሜ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል።

በአንታርክቲክ ባሕር የሚኖሩ ዓሣዎች የዚህን ችግር ጫፍ ያሳያሉ። የሚኖሩት ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ባሕር ሲሆን፣ ቀዝቃዛ ውኃ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፤ ገለፈታቸው ደግሞ እጅግ ላላ ባሉ ቅባቶች የተሠራ ነው። በደማቸው ያለው የቪታሚን ኢ መጠን ሲለካ መካከለኛ ሙቀት ባላቸው ባሕሮች ከሚኖሩ ዓሣዎች ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

በሞቃት አገር ሐይቆች ያለው ፈተና ሌላ ዓይነት ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በባሕር ወለል ከፍታ የሚይዘው ኦክስጅን 9 ሚሊግራም ያህል ሲሆን፣ አንድ ሊትር አየር ግን ከ270 ሚሊግራም በላይ ይይዛል። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደሚገኘው እንደ ጣና ባለ ሐይቅ መጠኑ ከዚህም ያንሳል። አልጌ በበዛበት ውኃ ደግሞ ይህ ትንሽ ሀብት በቀንና በሌሊት መካከል ይዋዥቃል። ከሰዓት በኋላ አልጌው ብርሃን እየተጠቀመ ኦክስጅን ስለሚያመርት ውኃው ከአቅሙ በላይ ይጠግባል፤ ሌሊት አልጌው ራሱ ስለሚተነፍስ ከንጋት በፊት ኦክስጅኑ ወደ ማለቁ ይደርሳል። ለሕዋስ ከባዱ ነገር እጥረቱ ብቻ አይደለም። እጥረቱ ካለፈ በኋላ ኦክስጅን በድንገት ሲመለስ፣ ሥራ ፈትቶ የቆየው የኤሌክትሮን ሰንሰለት ሱፐርኦክሳይድን በብዛት ያፈልቃል። ወርቃማ ዓሣ ለዚህ ራሱን አስቀድሞ ያዘጋጃል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት እንደታየው፣ ያለ ኦክስጅን ለሰዓታት በቆየበት ጊዜ የጉበቱ ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም ጨምሮ ተገኝቷል፤ ጭማሪው የታየው ኦክስጅኑ ከመመለሱ በፊት ነው። እንዲህ ያለ ዝግጅት በዝግመተ ለውጥ የተገኘ ትልቅ ጥበብ ነው።

የዓሣ ቀይ የደም ሕዋስም በዚህ ረገድ የተለየ ነው። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ አስኳል የለውም፤ የዓሣ ግን አስኳልም ማይቶኮንድሪያም አለው። በብረት የተሞላው ሄሞግሎቢን ሁልጊዜ ጥቂት ሱፐርኦክሳይድ እያፈሰሰ ስለሚኖር፣ ዲኤንኤው ከምንጩ አጠገብ ተቀምጧል ማለት ነው። የውኃ ብክለት በዘር ቁስ ላይ ያደረሰውን ጉዳት የሚመረምሩ ባለሙያዎች ከዓሣ ጥቂት ደም መውሰድን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ቪታሚን ኢ፦ በገለፈቱ ውስጥ ያለው ተከላካይ

ቪታሚን ኢ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1922 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ሄርበርት ኤቫንስና ካትሪን ቢሾፕ በአንድ ዓይነት ምግብ የተመገቡ አይጦች ፅንሳቸውን እስከ መጨረሻ መያዝ እንዳቃታቸው፣ ቅጠላ ቅጠል ሲጨመርላቸው ግን እንደ ወለዱ አስተዋሉ። በኬሚካላዊ ስሙ ቶኮፌሮል ይባላል። ከስምንቱ ተፈጥሯዊ ዓይነቶቹ አልፋ ቶኮፌሮል በዓሣ አካል ውስጥ ተመርጦ የሚቀመጠው ነው።

ሞለኪውሉ ሁለት ክፍል አለው። ረጅሙ ጅራቱ ቅባት ወዳድ ስለሆነ በገለፈቱ ውስጥ ይጠልቃል፤ ራሱ ደግሞ ወደ ገለፈቱ ጠርዝ ይጠጋል። በራሱ ላይ ያለችውን ሃይድሮጅን ለፐርኦክሲል ራዲካል ይሰጣል፤ ራዲካሉ ያገኘውን ይዞ ይረጋል፣ ሰንሰለቱም እዚያው ይቋረጣል። ፐርኦክሲል ራዲካል ከቶኮፌሮል ጋር የሚያደርገው ምላሽ ከጎረቤት ቅባት ጋር ከሚያደርገው በሺህ እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። ለሺህ ያህል የቅባት ሞለኪውሎች አንድ ቶኮፌሮል ሊበቃ የሚችለው በዚህ ፍጥነት ነው።

ከዚህ አሠራር በቀጥታ የሚመነጭ አንድ ሕግ አለ፦ መኖው በድርብ ትስስር የበዛ ቅባት በጨመረ ቁጥር ዓሣው የሚያስፈልገው ቪታሚን ኢ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት መመሪያ ለቆሮሶ በአንድ ኪሎግራም መኖ 60 ሚሊግራም፣ ለሬይንቦ ትራውት 50፣ ለካርፕ 100 ሚሊግራም ያስቀምጣል። ቀደም ሲል በጃፓን በቆሮሶ ላይ የተደረገ ሙከራ ግን ቅባቱ ከመኖው 5 ከመቶ በሆነ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም እንደሚበቃ፣ ቅባቱ ወደ 10 እና 15 ከመቶ ሲያድግ ፍላጎቱ ወደ 500 ሚሊግራም እንደሚደርስ አሳይቷል። ስለዚህ በሰንጠረዥ ላይ የተጻፈ አንድ ቁጥር ያለ መኖው ዝርዝር ብዙም አይናገርም።

እጥረቱ በዓሣ አካል ላይ ምን እንደሚያደርስ ከሁሉ በላይ ያስተማረው በጃፓን የካርፕ ኩሬዎች የታየው በሽታ ነው። አርቢዎቹ ሐሩ ከተፈተለ በኋላ የሚቀረውን የሐር ትል አካል ለካርፕ መኖ ያደርጉት ነበር። ይህ አካል ቅባታም ነው፤ ሲቆይም ይከረፋል። የተመገቡት ዓሣዎች የጀርባቸው ጡንቻ እየመነመነ ሄዶ አከርካሪያቸው በቆዳ ሥር እስኪታይ ድረስ ከሱ። በሽታው ሴኮኬ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተካሄዱ ምርመራዎች ምክንያቱ የከረፋው ቅባት መሆኑን፣ አልፋ ቶኮፌሮል በመኖው ሲጨመር ደግሞ በሽታው እንደማይመጣ አረጋገጡ። ሌሎች የዓሣ ዝርያዎችም ቪታሚኑ ሲጎድላቸው የጡንቻ መመንመን፣ የደም ማነስ፣ በሆድ ዕቃ ፈሳሽ መጠራቀምና በጉበት ውስጥ ቡናማ የተበላሸ ቅባት ክምችት ይታይባቸዋል።

ቪታሚን ሲ፦ ከውኃው በኩል የሚመጣ እርዳታ

ቶኮፌሮል ሃይድሮጅኑን ከሰጠ በኋላ ራሱ ደካማ ራዲካል ሆኖ ይቀራል። የሚያድሰው ካላገኘ ሥራው በአንድ ጊዜ ያበቃል። የሚያድሰው ቪታሚን ሲ፣ ማለትም አስኮርቢክ አሲድ ነው። ቪታሚን ሲ በቅባት ውስጥ አይሟሟም፤ የሚኖረው በሕዋሱ ውኃማ ክፍል ነው። የቶኮፌሮል ራስ ወደ ገለፈቱ ጠርዝ መጠጋቱ ትልቅ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙት በዚያ ጠርዝ ላይ ነውና። አስኮርቢክ አሲድ ለቶኮፌሮሉ የጎደለውን ይመልስለታል፤ ቶኮፌሮሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1979 ፓከር፣ ስሌተርና ዊልሰን ይህን ልውውጥ በቀጥታ መዝግበው አሳይተዋል።

ቪታሚን ሲን ለይቶ ያወጣው ሃንጋሪያዊው አልበርት ሰንት ጂዮርጂ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። አብዛኞቹ እንስሳት ይህን ውሕድ ከስኳር ራሳቸው ያዘጋጃሉ። ሰው፣ የጊኒ አሳማና አብዛኞቹ አጥንታም ዓሣዎች ግን ለመጨረሻው ደረጃ የሚያስፈልገው ኢንዛይም የላቸውም። ኢንዛይሙ የሌላቸው የእነዚህ አጥንታም ዓሣዎች ቅድመ አያት ጂኑን ያጣው ከ200 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደሆነ ይገመታል። ሻርክ፣ ስተርጀንና ሳምባ ያለው ዓሣ አሁንም ራሳቸው ይሠሩታል፤ የሚሠሩትም በኩላሊታቸው ነው። ቆሮሶ፣ ካርፕና ሳልሞን ከምግባቸው ካላገኙት ከየትም አያገኙትም።

በተፈጥሮ ሐይቅ ይህ ችግር አይታይም፤ አልጌው፣ ጥቃቅን እንስሳቱና ነፍሳቱ በቂ ያቀርባሉ። ችግሩ የመጣው ዓሣ ከተፈጥሮ ምግቡ ተለይቶ በመኖ ብቻ ማደግ ሲጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የሚረቡ ካትፊሾች አከርካሪያቸው እየተጣመመ ጭራሹንም እየተሰበረ ይገኝ ነበር። ቪታሚን ሲ የአጥንትና የጅማት መሠረት የሆነውን ኮላጅን ለማጠንከር የሚሠራው ኢንዛይም የያዘውን ብረት በተገቢው መልኩ ጠብቆ ስለሚያቆይ፣ እርሱ ሲጠፋ ኮላጅኑ ይላላል። በትራውትና በኮሆ ሳልሞን ላይ ተመሳሳይ መጣመም ቀደም ብሎ በጆን ሃልቨርና ባልደረቦቹ ተመዝግቦ ነበር። በ2011ዱ መመሪያ መሠረት ለካትፊሽ 15፣ ለቆሮሶና ለትራውት 20፣ ለካርፕ 45 ሚሊግራም በኪሎግራም መኖ ይበቃል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ አስቸጋሪው ይህን ትንሽ መጠን እስከ ዓሣው አፍ ድረስ ሳይበላሽ ማድረስ ነው።

ሁለቱ ቪታሚኖች ምን ያህል እንደተሳሰሩ ያሳየው በዜብራፊሽ ላይ የተደረገ የኦሬገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። ለረጅም ጊዜ ቪታሚን ኢ የጎደለው ምግብ የተመገቡት ዓሣዎች ቪታሚን ሲያቸውም አብሮ ተሟጠጠ፤ ጡንቻቸው ተጎዳ፣ በመዋኘትም ደከሙ። ሲ ኢን በማደስ ብዙ እየተቃጠለ እንደሄደ የሚያመለክት ውጤት ነው። የአንዱ ቪታሚን ጉድለት በሌላው ላይ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። በዓሣ መኖ ላይ የሚወሰኑ ውሳኔዎች ይህን ባለማስተዋል ቪታሚኖችን በየተራ ሲመለከቱ ውጤቱ የሚዛባውም ለዚህ ነው።

ሰንሰለቱ በሲም አያበቃም። ያገለገለው አስኮርቢክ አሲድ በግሉታታዮን ይታደሳል፤ ግሉታታዮን ከሦስት አሚኖ አሲዶች የተሠራና ሕዋሱ ራሱ የሚያዘጋጀው ውሕድ ነው። ግሉታታዮንን የሚያድሰው ደግሞ ከስኳር መሰባበር የሚገኝ ኃይል ነው። ከጎኑ ኢንዛይሞቹ ይሠራሉ፦ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ በመዳብና በዚንክ ወይም በማንጋኒዝ፣ ካታሌዝ በብረት፣ ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ በሴሊኒየም። የመጨረሻው ኢንዛይም ሴሊኒየም እንደያዘ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ሴሊኒየምና ቪታሚን ኢ አንዱ የሌላውን ጉድለት በከፊል ይሸፍናል የሚለው የቆየ የእንስሳት መኖ ዕውቀት ማብራሪያውን ያገኘው በዚህ ነው፤ ቪታሚን ኢ የፐርኦክሳይድን መፈጠር ይቀንሳል፣ የሴሊኒየሙ ኢንዛይም የተፈጠረውን ያጠፋል።

የሳልሞንን ሥጋ ቀይ የሚያደርገው አስታዛንቲን ከካሮቲን ወገን ሲሆን እርሱም የመከላከል ሥራ አለው። በባልቲክ ባሕር ሳልሞን ላይ እ.ኤ.አ. በ1974 መጀመሪያ የታወቀውና ኤም 74 የተባለው በሽታ አዲስ የተፈለፈሉ ጫጩቶችን በብዛት ይገድላል። የታመሙት እንቁላሎች ቲያሚን፣ ማለትም ቪታሚን ቢ1፣ የጎደላቸው ሲሆኑ አስታዛንቲናቸውም አነስተኛ ነው። ተመራማሪዎች መነሻውን ሳልሞኖቹ ቅባታም የሆነውን ስፕራት የተባለ ዓሣ አብዝተው ከመመገባቸው ጋር ያያይዙታል፤ የበዛ ቅባት ቲያሚንን ይፈጃልና። ጫጩቶቹን በቲያሚን ውኃ መንከር ከሞት ያድናቸዋል።

የሚጠቅመው ሲበዛ

ቪታሚን በጨመረ ቁጥር ጥበቃው ይጨምራል ማለት አይቻልም። አስኮርቢክ አሲድ የዛገውን ብረት ወደ ቀድሞ መልኩ ይመልሳል፤ ያ ብረት ነፃ ሆኖ ከተገኘ ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር የፌንተንን ምላሽ እንደገና ያስነሳል። እንዲያውም ቤተ ሙከራዎች የገለፈት ቅባትን ሆን ብለው ለማበላሸት ሲፈልጉ የሚጠቀሙት የአስኮርቢክ አሲድና የብረት ድብልቅን ነው። በጤናማ ሕዋስ ውስጥ ብረት በፕሮቲኖች ተይዞ ስለሚቀመጥ ይህ አይሆንም። በብረት ወይም በመዳብ በተበከለ ውኃ ውስጥ ባለ የስንጥብ ሕዋስ ግን ሊሆን ይችላል። ቶኮፌሮልም የሚያድሰው አጋር ካጣ፣ በውስጡ የቀረው ራዲካል ራሱ ቅባት ማጥቃት እንደሚችል በሰው ደም ቅባት ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

ሌላው ነጥብ ሕዋስ እነዚህን የኦክስጅን ውጤቶች ፈጽሞ ማጥፋት የማይፈልግ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በዜብራፊሽ እጭ ላይ የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። የጅራቱ ጫፍ ሲቆረጥ በቁስሉ ጠርዝ ያሉት ሕዋሳት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መልቀቅ ይጀምራሉ፤ መጠኑ ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ጣሪያ ይነካል፣ ነጭ የደም ሕዋሳትም ይህን እየተከተሉ ወደ ቁስሉ ይመጣሉ። አመንጪው ኢንዛይም ሲታገድ ነጭ ሕዋሳቱ አይመጡም። ነጭ ሕዋሳቱ ባክቴሪያ የሚገድሉትም ሱፐርኦክሳይድን ሆን ብለው በማመንጨት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ መጠኑና ቦታው ነው። በዚህ ዘርፍ ከተገኙት ዕውቀቶች ሁሉ ይህ ከፍ ያለ ግምት ሊሰጠው ይገባል፤ ለረጅም ዘመን በጠላትነት ብቻ የታየውን ነገር የሕዋስ መልእክተኛ አድርጎ አሳይቷልና።

ከሕዋስ ሳህን እስከ ኩሬ

ከዚህ በላይ ካለው ብዙው የታወቀው ሙሉ ዓሣን በመመገብ ነው፤ የውስጡን አሠራር ለመፈተሽ ግን ከአካል ውጭ የሚያድጉ ሕዋሳት ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ቋሚ የዓሣ ሕዋስ ዘር እ.ኤ.አ. በ1962 ከሬይንቦ ትራውት የዘር አካል የተገኘው አርቲጂ 2 ነው። ከትራውት ስንጥብ የተገኘው አርቲጊል ደብልዩ 1 ደግሞ ዛሬ የኬሚካሎችን መርዛማነት ለመለካት ዓለም አቀፍ መመሪያ ወጥቶለታል፤ የብዙ ሕያው ዓሣዎችንም ሕይወት ይታደጋል። ሆኖም በሳህን ያደገ ሕዋስ በዓሣው አካል ካለው ይለያል። በከፊል ከጥጃ ደም በተዘጋጀ ፈሳሽ ስለሚመገብ ዲኤችኤው ያነሰ ነው፤ ቪታሚን ኢው ጥቂት ነው፤ ኦክስጅኑ ደግሞ ከአካል ውስጥ ይበዛበታል። የአንድ ቪታሚን ብርቱ ውጤት በሳህን ላይ ሲታይ፣ የተጨመረው ቪታሚን ጥበቃን አሳድጎ ይሁን ቀድሞ የነበረን ጉድለት ሸፍኖ መለየት ያስፈልጋል።

ለኢትዮጵያ ሐይቆች ቅርብ የሆነው ምሳሌ የሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ መርዝ ነው። በቆቃ ግድብ ውኃ ማይክሮሲስቲስ የተባለው አልጌ በብዛት እንደሚገኝ ተመዝግቧል። የሚያመርተው ማይክሮሲስቲን ወደ ጉበት ሕዋሳት ይገባል፤ ሁለት ዋና ኢንዛይሞችን ያግዳል፣ ከዚያም ጋር ኦክሲዳዊ ጫናን ያስነሳል። በስፔን ሴቪያ የሚገኙ ተመራማሪዎች በቆሮሶ ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ዓሣዎቹ መርዙን ከመውሰዳቸው በፊት በመኖ ከፍ ያለ ቪታሚን ኢ ሲያገኙ የጉበታቸው የቅባት ጉዳት ቀንሶ ተገኝቷል። ቪታሚኑ ግን መርዙ ኢንዛይሞቹን ከማገድ አያግደውም፤ ጥበቃው ከሁለቱ ጉዳቶች በአንዱ ላይ ብቻ ነው። የሐይቁን ብክለት መቀነስ በሌላ ነገር የሚተካ አይደለም።

በመኖ ማምረቻ ቪታሚን ኢ የሚጨመረው በአሲቴት መልክ ነው። በዚህ መልኩ መከላከያ ኃይል ስለሌለው ራሱ አይበላሽም፤ በዓሣው አንጀት ያለ ኢንዛይም አሲቴቱን ሲፈታው ሥራ ይጀምራል። ተራ አስኮርቢክ አሲድ በመኖ መጭመቂያ ሙቀትና እርጥበት፣ በማከማቻም ውስጥ በፍጥነት ስለሚጠፋ በሁለተኛው ካርቦኑ ላይ ፎስፌት ተለጥፎበት ይጨመራል፤ የሚፈታውም በተመሳሳይ መንገድ ነው። የዓሣ ዱቄት ራሱ ቅባታም በመሆኑ በመርከብ ሲጓጓዝ በኦክሲዴሽን ሙቀት በራሱ እስከ መቀጣጠል ስለሚደርስ፣ ለረጅም ዘመን ኤቶክሲክዊን የተባለ ሰው ሠራሽ ተከላካይ ይጨመርበት ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በደኅንነቱ ላይ በተነሳ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2017 ፈቃዱን አገደ፤ አምራቾችም ቶኮፌሮልን ወደ መሳሰሉ አማራጮች ዞረዋል።

የዓሣ ዱቄት በማይገኝበት ወይም ውድ በሆነበት፣ ለምሳሌ የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካና የቢራ ጠመቃ ተረፈ ምርት ለመኖ በሚውሉበት አገር፣ ጥንቃቄው ከማከማቻው ይጀምራል። በፋጉሎው የቀረው የኑግ ዘይት አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ስለሆነ ሙቀትና ብርሃን ባለበት ግቢ ሲቆይ ይከረፋል። የከረፋ መኖ የራሱን ቶኮፌሮል አስቀድሞ ጨርሷል፤ ዓሣው ሲበላውም በአካሉ ያስቀመጠውን ቶኮፌሮል ይጨርስበታል። ቅዝቃዜና ደረቅ ጥላ፣ አየር የማያስገባ ጆንያ፣ በትንሹ አዘጋጅቶ ቶሎ መጠቀም ብዙ ቪታሚን ከመጨመር ይረክሳል፤ ብዙውን ጊዜም ይበልጣል።

ዓሣው ከተጠመደ በኋላም ነገሩ አይቆምም። ደም ዝውውሩ ሲቆም ግሉታታዮንና ቪታሚን ሲ መታደሳቸው ያበቃል፤ በጡንቻው ገለፈት ውስጥ አስቀድሞ የተቀመጠው ቶኮፌሮል ግን እስኪያልቅ ድረስ ይሠራል። ከመታረዳቸው በፊት ለሳምንታት በቪታሚን ኢ የዳበረ መኖ ያገኙ ትራውቶች ሥጋቸው በማቀዝቀዣ ሳይከርፍ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ያው ቪታሚን በተቆረጠ ሥጋ ላይ ቢረጭ ውጤቱ አነስተኛ ነው፤ ወደ ገለፈቱ ውስጥ ሊያስገባው የሚችለው የሕያው ዓሣ ደምና ሕዋስ ብቻ ስለሆነ።